«ከዚህ ሱቅ ብቻ ግዙ» የሚባለው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፦ እንግሊዝ አገር ያለን ወላጆች ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። እናቶች እርስ በርስ የምንጠያየቀው አንድ አይነት ነገር ነው፣ ዩኒፎርሙን ስንት ገዛሽው፣ ሌላ ቦታ አይገኝም ወይ፣ ለምንድነው አንድ ሱቅ ብቻ የሚሸጠው፣ ምናምን። እኔ ለንደን ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ ሰከንደሪ ሲገባ የመጣብኝን ሒሳብ አይቼ ደንግጬ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት፣ ከዛ ወዲህ የሰው ጥያቄ ስመልስ የሰበሰብኩትን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። በብዛት የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው፣ ስኮትላንድና ዌልስ አሠራራቸው ይለያል፣ እሱን ለብቻ አነሳዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እንደ ፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ የአገር ቤት ሲሆን እናገራለሁ።

ዩኒፎርም ድሮም ነበረ፣ ችግሩ ታዲያ ምንድነው?

ዩኒፎርሙ ራሱ ችግር የለውም። እኔም አገር ቤት ዩኒፎርም ለብሼ ነው የተማርኩት፣ ሁሉም ልጅ አንድ አይነት ሲለብስ የማን ቤት እንደሞላ የማን ቤት እንደጎደለ ቶሎ አይታይም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ት/ቤቱ ሎጎ ያለበትን ልብስ ግዴታ አርጎ፣ ያንን ልብስ ደግሞ አንድ ሱቅ ብቻ እንዲሸጠው ሲያደርግ ነው። የኔ ልጅ ኢየር ሰቨን፣ ማለትም የሰከንደሪው የመጀመሪያ ክፍል፣ ሲገባ የተላከልኝ ዝርዝር ላይ ብሌዘር (ኮት)፣ ታይ (ከረባት)፣ ሹራብ፣ የስፖርት ቲሸርት፣ የስፖርት ቁምጣ፣ የስፖርት ሹራብ፣ እስከ ካልሲው ድረስ ወይ ሎጎ ወይ የት/ቤቱ ቀለም ያለበት ነበር፣ የፈለጋችሁበት ግዙ የተባልነው ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ብቻ ነው። ሱቁ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ቦታ ነው፣ የትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ ሰልፉ ከበር ውጪ ወጥቷል፣ ሰዓት ተኩል ቆሜ ተራዬ ሲደርስ በልጄ ልክ ብሌዘር አልቋል ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንድ ጥንድ ካልሲ የተሸጠልኝ ዋጋ ሱፐርማርኬት አምስት ጥንድ የሚገዛ ነበር። ካልሲ!

ለምንድነው እንዲህ የሚወደደው?

መራጩ ሌላ ከፋዩ ሌላ ስለሆነ ነው። ገበያ ሄዳችሁ ቲማቲም ስትገዙ ይሄኛው ተወደደብኝ ብላችሁ ወደሚቀጥለው መደብ ታልፋላችሁ፣ ሻጩም ያንን ስለሚያውቅ ጥቂት ይቀንሳል። እዚህ ግን የሚቀጥለው መደብ የለም። ሱቁን የመረጠው ት/ቤቱ ነው፣ ት/ቤቱ ደግሞ ከኪሱ አንድ ፔኒ አያወጣም፣ ስለዚህ ዋጋው አምስት ፓውንድ ቢጨምር የሚሰማው ወላጅ ውሉ ሲፈረም ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

በፈረንጆቹ 2012 ያኔ የንግድ ውድድርን ይቆጣጠር የነበረው መሥሪያ ቤት ኦኤፍቲ ነገሩን ሲያጠና 74 በመቶ የሚሆኑ ት/ቤቶች ወላጅ የት መግዛት እንዳለበት ገደብ እንደሚያደርጉ አግኝቷል፣ እንደዚህ የታጠረ ልብስ ሱፐርማርኬት ካለው ከ5 እስከ 10 ፓውንድ እንደሚበልጥም ተናግሯል፣ በአገር ደረጃ ሲደመር ወላጆች በዓመት 52 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በትርፍ ይከፍላሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ዓመታት አልፈዋል ግን አሠራሩ ዛሬም በብዙ ቦታ ያው ነው።

ለሻጮቹም ልፍረድላቸው። ለአንድ ት/ቤት ብቻ የሚሆን ልብስ የሚያመርት ሰው ከትንሹ እስከ ትልቁ ልክ ዓመቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ አለበት፣ ያልተሸጠውን ደግሞ ለሌላ ሰው መሸጥ አይችልም፣ ይሄ ወጪ አለው። ልብሱም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ፣ ሌላ ሰው መጥቶ እኔ በዚህ ዋጋ አቀርባለሁ የሚልበት በር ከተዘጋ ዋጋው ትክክለኛ ይሁን አይሁን እንዴት ይታወቃል?

በዓመት ስንት ይፈጃል?

ዘ ችልድረንስ ሶሳይቲ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2023 ወላጆችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት ለአንድ የሰከንደሪ ልጅ በዓመት በአማካይ 422 ፓውንድ፣ ለፕራይመሪ 287 ፓውንድ ነው የሚወጣው። በ2020 የሰከንደሪው 337 ነበር። እንግዲህ አንድ ሰከንደሪ አንድ ፕራይመሪ ያለው ቤተሰብ አስቡት፣ ከ700 ፓውንድ በላይ ማለት ነው። የማውቃት አንዲት እናት የነሐሴ እቁቧን ሁሌም ለዚህ ነው ምታስወጣው፣ ዳኛው ገና ሰኔ ላይ ተራውን ለሷ ይይዝላታል።

በዚህ ላይ ልጅ ያድጋል። ሴፕቴምበር የተገዛ ሱሪ ፋሲካ ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳያል። ሹራብ ይጠፋል፣ ቲሸርት ይቀደዳል፣ ታይ አውቶቡስ ላይ ይረሳል፣ እያንዳንዱን ለመተካት ደግሞ እዛው ሱቅ።

ሕግ የለም እንዴ?

አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ያኔ የሌበር ፓርላማ አባል የነበረው ማይክ ኤምስበሪ ያቀረበው የዩኒፎርም ወጪ ሕግ ኤፕሪል 2021 ጸድቋል። ሕጉ ራሱ አጭር ነው፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ ስለ ዩኒፎርም ወጪ መመሪያ እንዲያወጣና ት/ቤቶች ያንን መመሪያ ግምት ውስጥ የማስገባት ሕጋዊ ግዴታ እንዲኖርባቸው ያዛል። ዋናው ነገር ያለው በዛው ዓመት ኖቬምበር የወጣው መመሪያ ላይ ነው። ከሱ በፊትም መመሪያ ነበረ ግን ምክር ብቻ ስለነበር የፈለገ ይሰማዋል ያልፈለገ ይተወዋል፣ አሁን እንደዛ አይደለም፣ የሚተወው ት/ቤት በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት።

መመሪያው ላይ ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ወላጅ ት/ቤት ሲመርጥ የዩኒፎርሙ ዋጋ ሊያሳስበው አይገባም ይላል። ሎጎ ያለበት ልብስ በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን ይላል። የዩኒፎርም ፖሊሲው ዌብሳይት ላይ መውጣት አለበት፣ የትኛው ግዴታ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ፣ የትኛው ከአንድ ሱቅ ብቻ እንደሚገዛና የትኛው ከየትም እንደሚገዛ በግልጽ ተጽፎ። ሰከንድ ሃንድ ዩኒፎርም ወላጅ እንዲያገኝ ት/ቤቱ ማመቻቸት አለበት፣ የት እንደሚገኝም ዌብሳይቱ ላይ ይጻፍ ይላል። ፖሊሲው ሲቀየር ወላጅና ተማሪ ይጠየቅ፣ ደግሞም ቶሎ ቶሎ አይቀየር። ይሄ የመጨረሻው ለኔ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም የሹራቡ ቀለም የተቀየረ ቀን የታላቁ ልብስ ለታናሹ መሆኑ ያበቃል።

ሎጎ የሌለበት ግን ከአንድ ሱቅ ብቻ የሚገኝ ልብስስ?

እሱም ይቆጠራል። ብዙ ት/ቤት እዚህ ጋር ነው የሚያልፈን። መመሪያው ላይ ብራንድድ የሚባለው ሎጎ የተሰፋበት ብቻ ሳይሆን ከሱፐርማርኬትና ከተለያየ ሱቅ ሊገዛ የማይችል ማንኛውም ልብስ ነው፣ ቀለሙ ልዩ ስለሆነ፣ ጨርቁ ወይ አሠራሩ የተለየ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ያለበት ሹራብ፣ ለየት ያለ ኮሮጆ የመሰለ የስፖርት ቦርሳ፣ የትም ሱቅ የማታገኙት ቡኒና ሐምራዊ ዳማ ቀሚስ፣ ይሄ ሁሉ እዛ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ሎጎ እኮ የለውም» ሲሏችሁ ታዲያ ሌላ የት ነው የማገኘው ብላችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ከአንድ ሱቅ ብቻ ማስገዛት ተከልክሏል ማለት ነው?

አይ፣ አልተከለከለም። እዚህ ላይ ሰው ተሳስቶ ት/ቤት ሄዶ ሲከራከር አይቻለሁና ጠንቀቅ በሉ። መመሪያው የሚለው ለአንድ ሻጭ ብቻ የሚሰጥ ውል ይቅር፣ ካልቀረ ግን በየጊዜው ጨረታ ይውጣ፣ ከአንድ በላይ ሻጭ ይወዳደርበት፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንደገና ይጫረት ነው። ከአንድ ሻጭ ጋር መሥራት ይችላሉ፣ ግን ያ ሻጭ ተወዳድሮ ያሸነፈ መሆን አለበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ጨረታ ከአንድ ሱቅ ጋር የቀጠለ ት/ቤት ካለ መመሪያውን እየተከተለ አይደለም።

ሌላም አለ። ት/ቤቱ ከሻጩ ተመላሽ ገንዘብ የሚቀበልበት ስምምነት ውስጥ መግባት የለበትም፣ ሻጩ የሚቀንሰው ካለ ለወላጅ ነው መድረስ ያለበት። የውድድርና የገበያ ባለሥልጣኑ፣ ሲኤምኤ የሚባለው፣ በ2015 ለት/ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በዚህ ጉዳይ አስጠንቅቋቸው ነበር፣ ዛሬም ቅሬታ መቀበል ይቀበላል።

ሦስት ልብስ ብቻ ይሆናል የሚባለው ነገርስ?

እሱ የመጣው በዲሴምበር 2024 ፓርላማ ከቀረበው የልጆች ደኅንነትና የት/ቤቶች ረቂቅ ሕግ ነው። እዛ ላይ ት/ቤት ግዴታ ሊያደርግ የሚችለው ብራንድድ ልብስ ከሦስት እንዳይበልጥ፣ ሰከንደሪ ከሆነ አንዱ ታይ ከሆነ አራት እንዲሆን ተቀምጧል፣ የስፖርቱም ልብስ አብሮ ይቆጠራል። መንግሥት ያሰበው ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ እንዲሠራ ነው። የእናንተ ት/ቤት ዝርዝሩን ቀንሶ እንደሆነ ፖሊሲውን አሁኑኑ ገብታችሁ እዩት፣ ያልቀነሰም ከሆነ ለመጠየቅ ጥሩ ሰበብ ነው።

እኔ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ገደቡ የተቀመጠው በቁጥሩ ላይ ነው፣ በዋጋው ላይ አይደለም። ሰባት የነበረው ሦስት ሲሆን የቀረው አንዱ ብሌዘር ዋጋው ቢሰቀልስ? ስለዚህ የጨረታው ነገር ዛሬም ዋናው ነው፣ የሎጎው ቁጥር ስለቀነሰ ብቻ ጥያቄውን አንተው።

ት/ቤቱን መጠየቅ እፈራለሁ፣ ልጄን ያስቸግሩብኛል፣ እንግሊዝኛዬም...

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ነው የምሰማው፣ ከሕጉም ከዋጋውም በላይ። ይሉኝታ ነው የያዘን። አቤቱታ ማቅረብ የጠብ ያህል ይከብደናል፣ ደሃ ነኝ ማለት ይመስለናል፣ ልጄን በክፉ ዓይን ያዩታል ብለን እንፈራለን፣ ስለዚህ ተበድረን እንከፍልና ዝም እንላለን። ዝም ያልነው ሁላችንም ስለሆንን ደግሞ ት/ቤቱ ማንም አልተቸገረም ብሎ ያስባል። አንዷ ገቨርነር፣ የት/ቤቱ የአስተዳደር ቦርድ አባል ማለት ነው፣ በስብሰባ ላይ «በዚህ ጉዳይ ቅሬታ ደርሶን አያውቅም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ከኛው ሰዎች ብቻ አምስት ነበርን፣ አምስታችንም በዛው ሳምንት ስለዚሁ ነገር ስናማርር ነበር የከረምነው። ያን ቀን ነው እጄን ያወጣሁት፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ተናገርኩ፣ ስጨርስ አንድ የማላውቀው እንግሊዛዊ አባት ከኋላ እኔም እስማማለሁ አለ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ። ለካ እነሱም ያው ናቸው።

በአፍ ከከበዳችሁ በኢሜል ይሻላል፣ ልጃችሁም ይሁን ጓደኛ ያርምላችሁ፣ ረጅም መሆን የለበትም። የኔ ኢሜል አራት ጥያቄ ብቻ ነበር ያለው። ለዩኒፎርሙ ውል ለመጨረሻ ጊዜ ጨረታ የወጣው መቼ ነው? ግዴታ የሆኑት ብራንድድ ልብሶች የትኞቹ ናቸው፣ ለምንስ ተፈለጉ? ሎጎውን ለብቻው ሸጣችሁልን በመርፌ ብንሰፋው ወይ በካውያ ብንለጥፈው ይቻላል ወይ? ሰከንድ ሃንድ የት ነው ምናገኘው? በቃ። ስድብ የለ፣ ለቅሶ የለ። ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ሞክሩት፣ አንድ ሎጎ ገዝቶ ሱፐርማርኬት የተገዛ ሹራብ ላይ መስፋት ብዙ ገንዘብ ያድናል፣ መመሪያውም እንደ አንድ አማራጭ ያነሳዋል።

መልስ ካልሰጧችሁ የመረጃ ነጻነት የሚባል የ2000 ሕግ አለ። የመንግሥት ት/ቤት፣ አካዳሚም (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ግን ትረስት የሚባል ድርጅት የሚያስተዳድረው ት/ቤት) ቢሆን፣ በጽሑፍ ለተጠየቀው ትምህርት ባለባቸው 20 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ትምህርት ባለባቸው ቀናት የሚለውን አስምሩበት፣ በክረምቱ እረፍት የላካችሁት ጥያቄ ሴፕቴምበር ላይ ነው መቆጠር የሚጀምረው፣ ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ጠይቁ። ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ት/ቤቱ ከሻጩ ያገኘው ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዛ በኋላ የት/ቤቱ የቅሬታ ሥርዓት አለ፣ መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ፣ ከዛ ገቨርነሮቹ ወይ ትረስቱ፣ እዛም ካልተፈታ ትምህርት ሚኒስቴር።

ሦስት አራት ሆናችሁ ብትፈርሙበት ደግሞ ይበልጣል። የሶማሌዋን እናትም የፖላንዷንም ጠይቋት፣ የሚያመን አንድ ቦታ ነው።

ሎጎ የሌለበት አልብሼ ብልከው ይመልሱብኛል?

ት/ቤቱ ዩኒፎርም ባልለበሰ ልጅ ላይ እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን አለው፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትላኩ፣ መጀመሪያ ተናገሩ። ምክንያቱ የገንዘብ ችግር ከሆነ ግን ት/ቤቱ ነገሩን በማስተዋልና በርኅራኄ እንዲይዘው ነው የሚጠበቀው። ለሄድ ኦፍ ኢየሩ (የልጁን ክፍል ደረጃ ለሚመራው መምህር) ሁለት መስመር ኢሜል «ብሌዘሩን በዚህ ወር መግዛት አልቻልኩም፣ እስከዚህ ቀን ታገሱኝ» ብሎ መጻፍ ልጁን ከጠዋት ቁጣ ያድነዋል። ልጁ ራሱ በር ላይ እንዲያስረዳ አታድርጉት፣ አንድ የ11 ዓመት ልጅ የቤቱን ጉድለት በጓደኞቹ ፊት ማስረዳት የለበትም።

ሰከንድ ሃንድ ልጅን አያሸማቅቅም?

አገር ቤት ሰልባጅ ስንል የነበረው ነገር አእምሯችን ውስጥ ቀርቷል መሰለኝ። እስቲ አስቡት፣ ሎጎ ያለበት ብሌዘር ከሩቅ ሲያዩት አዲስ ይሁን የተለበሰ ማን ያውቃል? ሁሉም አንድ አይነት ነው፣ ዩኒፎርም የተባለውም ለዚህ ነው። ያውም እነዚህ ውድ ብሌዘሮች ጠንካራ ስለሆኑ አንድ ልጅ ለብሶ አይጨርሳቸውም።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሐምሌ መጨረሻ አንድ እሁድ ጠረጴዛ እንዘረጋለን፣ የጠበበውን ሁሉ ሰው ታጥቦ ተተኩሶ ያመጣዋል፣ በየት/ቤቱ ስም ይደረደራል፣ የፈለገ ያነሳል። ገንዘብ የለም፣ ስም አይመዘገብም። መጀመሪያው ዓመት ሁሉም አምጥቶ ማንም አላነሳም፣ እንደገና ይሉኝታ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት በጣም የምናከብራቸው እናት፣ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ «ለልጅ ልጄ ነው» ብለው አንድ ሹራብ ብድግ አርገው በዘንቢላቸው ከተቱ፣ ከዛ በኋላ ጠረጴዛው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። የልጅ ልጃቸው ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ት/ቤታችሁ ሰከንድ ሃንድ የለንም ካለ መመሪያው ማመቻቸት እንዳለባችሁ ይናገራል በሉት። የወላጆች ማኅበር ካለ እሱ ያደርገዋል፣ ከሌለ እናንተ ጀምሩት።

መስፋት የሚችል ሰውም ይፈለግ። እናቴ የኔን ዩኒፎርም ጨርቁን ከመርካቶ ገዝታ ለሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስትሰጥ ቅምቅማቱን ወፍራም አርገህ ተውልኝ ትለው ነበር፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተተረተረ ሦስት ዓመት ይለበሳል። የዛሬው የፋብሪካ ሱሪ ቅምቅማቱ ቀጭን ነው ግን አንድ ሁለት ሴንቲ ይወጣዋል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት።

የገንዘብ እርዳታ አለ ወይ?

እንግሊዝ ውስጥ በአገር ደረጃ የዩኒፎርም ድጎማ የለም። ካውንስሎች (የየአካባቢው አስተዳደሮች) ከፈለጉ መስጠት ይችላሉ፣ አንዳንዱ ይሰጣል፣ ብዙው አይሰጥም፣ ስለዚህ የራሳችሁን ካውንስል ዌብሳይት ፈልጉ፣ ከሰጠም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ላይ ላለ ወይ ልጁ ነጻ ምሳ ለሚያገኝ ነው። ት/ቤቱም ራሱ ለተቸገረ ቤተሰብ የሚያወጣት ትንሽ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አለችው፣ ግን ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም።

ግላስጎና ኤዲንብራ ላላችሁ የተሻለ ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ የሚገባው ቤተሰብ ለፕራይመሪ ልጅ ቢያንስ 120 ለሰከንደሪ ቢያንስ 150 ፓውንድ በዓመት ያገኛል። ካርዲፍ ላላችሁ፣ ዌልስ ውስጥ 125 ፓውንድ ነው፣ ኢየር ሰቨን ለሚገባ ልጅ 200። ጠይቁ፣ ማመልከቻው በካውንስል በኩል ነው።

የመኖሪያ ወረቀታችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ መጠቀም አይቻልም የሚል ካለ ይሄን በጥንቃቄ አንብቡ። ከት/ቤቱ ወይ ከበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ዩኒፎርምና ሰከንድ ሃንድ ልብስ እዛ ውስጥ አይገባም፣ አትፍሩ፣ ውሰዱ። ከካውንስል የሚመጣ የችግር ጊዜ ገንዘብ ግን እንደ አይነቱ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡትን ጠይቁ። በ50 ፓውንድ ወረቀት አይበላሽ።

የሁለቱ ልጆቼ አንድ አይነት ብሌዘር ዋጋው ለምን ተለያየ?

ቫት ነው። የልጅ ልብስ እዚህ አገር ቫት አይከፈልበትም፣ ግን የልጅ ልብስ የሚባለው ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሆን ልክ የተሠራው ነው። ከዛ በላይ ያለው ልክ እንደ አዋቂ ልብስ ተቆጥሮ 20 በመቶ ይጨመርበታል፣ 40 ፓውንድ የነበረው 48 ይሆናል። የሚታየው የልብሱ ልክ ነው እንጂ የልጁ ዕድሜ አይደለም፣ ስለዚህ ቁመቱ ቶሎ የተመዘዘ የ12 ዓመት ልጅ ያላት እናት ትከፍላለች። ይሄ የሱቁ ጥፋት አይደለም። ልክ ስትመርጡ ግን ድንበሩ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ሁለቱንም ለክታችሁ እዩ፣ ለእድገት ብላችሁ አንድ ቁጥር ስታስበልጡ ቫቱ ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ።

የዩኒፎርሙ መመሪያ ለፕራይቬት ት/ቤትም ይሠራል?

አይሠራም። መመሪያው ለመንግሥት ት/ቤቶችና ለአካዳሚዎች ነው።

አገር ቤትስ እንዴት ነው?

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ት/ቤት ለሚማሩ ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ጀምሯል፣ ይሄን ስሰማ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ምክንያቱም ዩኒፎርም ስለሌላት መስከረም ሙሉ የቀረች የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። በግል ት/ቤት ያለው ግን ከኛው ጭንቀት ጋር አንድ ነው፣ እህቴ ልጇን ስታስመዘግብ ዩኒፎርሙን ከት/ቤቱ ነው የገዛችው፣ ጨርቁን ገዝቼ ላሰፋ ብትላቸው አይቻልም አሏት፣ ልክ ያልሆነውንም ለማስቀየር ሦስቴ ተመላልሳለች። የእሷንና የእኔን ስናነጻጽር ልዩነቱ እኔ የምጠቅሰው መመሪያ መኖሩ ብቻ ነው።

ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ቀረው፣ ምንም አልገዛሁም፣ ምን ላድርግ?

ተረጋጉ። መጀመሪያ ዝርዝሩን አውጡና ግዴታ የሚለውንና የማይለውን ለዩ፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ «ቢኖር ይመረጣል» ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ጥቁር ጫማ ከአዝዳም ከቴስኮም ከሴንስበሪም ግዙ፣ በዚህ ሰሞን ቅናሽ ያደርጋሉ። ከተመደበው ሱቅ ለመጀመሪያው ሳምንት ብሌዘሩንና ታዩን ብቻ ውሰዱ፣ የስፖርቱን ልብስ ተዉት፣ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ስፖርት ከሌለ፣ ቀኑ ከክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ጋር ስለሚነገራችሁ ያኔ ይደርሳል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ በልጁ ልክ መኖሩን አረጋግጡ፣ እኔ ያልደወልኩ ጊዜ ነው ባዶ እጄን የተመለስኩት። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ስም የተጻፈበት ልብስ አይመልሱምና ልጁ ቤት ውስጥ ለክቶት እጁን ወደላይ ዘርግቶ ቁጭ ብድግ እስኪል ድረስ ስሙን አትጻፉበት። ከዛ ግን ጻፉ፣ ኮሌታው ውስጥ በማይለቅ ቀለም፣ የአባቱንም ስም ጨምራችሁ፣ ዮናስ ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት እዛ ት/ቤት አራት ዮናስ አለ።